ቃለ ጉባኤ ያልያዘው

ከባሕር ዳር ወደብ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ
ደቅ ጀልባዋ ስትቆም፣ ፀሐይ አናት መትታ፣
እንግዶቹ ወረዱ ብርቱካን ጃኬት ለብሰው፤
አንድ ልጅ ጠየቀ፣ «ይሄ ዓሣ ነው ሰው?»

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ መዝገቡ በእጄ፤
«አጀንዳ አንድ» ብዬ ጀመርሁ ከማንጎ ሥር ሄጄ፦
«ዘላቂ ልማት ለደሴት ነዋሪ፣
ኩባንያው አጋር፣ ማኅበሩ ተባባሪ፤
ፀሐይ የሚጠጣ ሰሌዳ ሃያ ስድስት፣
አሥር ባትሪ፣ አንድ ፓምፕ፣ ለዓሣ በረዶ ቤት።»

አቶ ሚልኪያስ ቆሙ፣ የኩባንያው ሹም፤
ቃላቸው ለስላሳ፣ ውሸትም የላቸውም።
«ዘላቂ» የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ ተነሣ፤
ቆጠርሁት በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ ሳልረሳ።
በአሥረኛው ላይ ግን አያ ቢምረው ሳለ፣
ደንገል ሲያስር የኖረ፣ ጣቱ የቆሰለ፦

«ጌታው፣ ታንኳ ሠሪ ነኝ፣ አባቴም ታንኳ ሠሪ፤
ሠርቼ አላውቅም ከዓመት ዓመት አዳሪ።
ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ ጠጥቶም ይሰክራል፤
ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ከታች ይቀራል።
ዓሣ ጭኖ የመጣ፣ ማገዶ የጫነ፣
በሦስተኛው ወር ላይ ጭቃ ነው የሆነ።
ግን ሐይቁ ታንኳ አጥቶ አንድ ቀን አልዋለም፤
እጅ ነው የዘለቀው፣ ደንገሉ አይደለም።»

ሰው ሁሉ ዝም አለ።
ከዳር የበሰበሰ እንቦጭ ሽታ መጣ።

ከሴቶቹ መሐል አንጓች ብድግ አለች፣
ልጇን እንዳዘለች።
«ባትሪው ሲሞትሳ፣ በስንተኛው ዓመት?
ማን ምትኩን ይገዛል? ሬሳው ይጣል የት?
ልጄ የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤
ይህንን ጥያቄ፣ ጸሐፊው፣ መዝግበው።»

መዘገብሁ። መልሱ ግን ግማሽ መስመር ነበር፦
«ወደፊት ይታያል፣ በጋራ፣ በምክር።»

ፎቶ ተነሣን፤ ቆረሶ ጥብስ ተበላ፤
ጀልባዋም ሄደች፣ ጭስ ለቃ ከኋላ፤
ዳር ላይ ቀረልን አርማ ያለው ታፔላ፣
ዛሬም ማለዳ ማለዳ የሚያርፍበት ሽመላ።

እውነት ለመናገር በረዶ ቤቱ ሠራ፤
ነጋዴ ሲመጣ ዓሣ አጥማጁ ኮራ።
ቀድሞ «ሳይሸት ውሰድ» ይል የነበር ለምኖ
አሁን «ነገ ና» አለ፣ በበረዶው ተማምኖ።
መዝገቡ እዚህ ያበቃል፤
ለቀሪው ነገር አንድ ምስክር ይበቃል።

አንጓች በዚያው ሳምንት ቆርቆሮ ሸነቆረች፣
ከየቅርጫቱ ዓሣ አንድ አንድ ብር ለቀመች።
ቢሏት «ስስታም»፣ ቢሏት «ቆርቆሮዋ»፣
አልሰማ አለ ጆሮዋ።

በሦስተኛው ጳጉሜ ባትሪው አረፈ፤
የዓሣ ግማት ሌሊቱን ሰፈሩን ገረፈ።

አንጓችና እኔ ባሕር ዳር ተሻገርን፣
ሙት ባትሪ ተሸክመን፣ ቆርቆሮ አቅፈን።
የኩባንያው ጥበቃ «ልመና ነው?» አለን፤
«አይደለም፤ አጋር ነን።»

በሚልኪያስ ወንበር ሌላ ሰው ነበረ፤
ያቺን ግማሽ መስመር አነበበ፣ አቀረቀረ።
አንጓች ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፤
«ግማሹ ይኸውና። ቀሪው የናንተ ነው። ሬሳውም» አለች።

ቆጠራው እስከ ምሳ ፈጀ።
አንድ የተቀደደ ብር ነበር፤
ሰውዬው ራሱ በፕላስተር ለጠፈው።

ስንመለስ አያ ቢምረው ዳር ላይ ነበር፤
አሮጌ ታንኳ ፈትቶ፣ አዲስ ሲጀምር።
«መጣ?» አለ፣ ቀና ሳይል። «ግማሹ» አልነው።
«ይቺን ጫፍ ያዙልኝ፤ ሁለት ሰው ነው የሚያስረው።»